ቤቱ ሲቀየር ጉርብትናው፦ ከወሎ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው አምስት ደብዳቤዎች በሙሉ ከወሎ የመጡ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ አንዱ ከሐይቅ አካባቢ፣ አንዷ ከለጋምቦ ደጋ፣ የቀሩት ከላስታ፣ ከራያ ቆቦና ከቃሉ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ቤት አሠራር ቢሆንም ያሳሰባቸው ጉዳይ ግን በቤቱ ውስጥና በዙሪያው ያለው የሰው ግንኙነት ነው። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች ሐሳባቸውን ሳንለውጥ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። ሳውዲ ዓረቢያ ያለችው ልጄ በላከችው ገንዘብ የ60 ቆርቆሮ ቤት ለመሥራት ተነሥቻለሁ። ልጄ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤትና የሲሚንቶ ወለል እንዲኖረው ትፈልጋለች። እናቴ ግን «መደብ የሌለው ቤት እንግዳ አያስቀምጥም፤ ቆርቆሮ በገባበት መንደር ሁሉ ቡናው ቀዝቅዟል» እያሉ ይሟገቱኛል። አባባላቸው እውነት ነው ወይስ የልጅነት ናፍቆት? ጎረቤቶቼን ሳላርቅ እንዴት ብሠራ ይሻላል?
የአምስት ልጆች አባት፣ ከተሁለደሬ

መልስ፦ እናትዎ ያስተዋሉት ለውጥ በእርግጥ አለ፤ ጥፋቱን ሁሉ በቆርቆሮው ላይ መጣላቸው ግን ለእርስዎ ውሳኔ ብዙ አይረዳም። የሣር ቤት ፈርሶ የቆርቆሮ ቤት ሲተካ ከክዳኑ ጋር ሌሎች ነገሮችም አብረው ይለወጣሉ፤ ቤቱን የሚሠራው ሰው፣ የእሳቱ ቦታ፣ የእንግዳው አቀማመጥና የበሩ አቅጣጫ። ጎረቤት የሚቀርበውም የሚርቀውም በአብዛኛው በእነዚህ ምክንያት ነው።

ከክዳኑ እንጀምር። የሣር ክዳን እንደ ሣሩ ዓይነት፣ እንደ ውፍረቱና ከምድጃው እንደሚያገኘው ጭስ ዕድሜው ይለያያል እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጠገን፣ ቆይቶም እንደገና መከደን አይቀርለትም። ስለዚህ አባወራው ቢፈልግም ባይፈልግም በየጊዜው ጎረቤቶቹን ለደቦ መጥራት ግድ ይሆንበት ነበር። ሣር የሚያጭድና የሚያመላልስ፣ ማገር የሚያስር፣ ከላይ ወጥቶ የሚከድን፣ ከታች ሆኖ ነዶውን የሚያቀብል፣ ጭቃ የሚረግጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ሴቶቹም ጠላ ወይም ቅሪቦ ጠምቀው፣ እንጀራ ጋግረው ይጠብቃሉ። ዛሬ የእኔን ቤት የከደነ ሰው ነገ የእርሱ ቤት ሲያፈስ ይጠራኛል፤ እኔም አልቀርም። ይህ ብድር ተከፍሎ አያልቅም ነበር፤ የማያልቀውም ሣሩ ስለሚበሰብስ ነው።

የቆርቆሮ ቤት የሚሠራው በአናጢ ነው። ባለቤቱ ቆርቆሮውንና ሚስማሩን ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ያስመጣል፤ ከአናጢው ጋር በቁርጥ ዋጋ ይዋዋላል፤ ክዳኑ በጥቂት ቀናት ያልቅና በደህና ከተሠራ ለ20 እና ለ30 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከድካም አንጻር ትልቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን አባወራው ስለ ጣሪያው ሲል ጎረቤቱን ደጅ የሚጠናበት ምክንያት አብሮ ጠፍቷል። ብዙ ሰው «ሰዉ ተለወጠ፣ ፍቅር ጠፋ» ሲል ይሰማል፤ እኔ እንደማየው ከፍቅሩ በፊት የጠፋው ሰውን ከሰው ጋር ያገናኝ የነበረው ሥራ ነው።

ይህን ስል ወደ ሣር ክዳን ይመለሱ ማለቴ አይደለም። የግጦሽ መሬቱ ታርሷል፤ የተረፈው ሣርም ለከብት መኖ ይፈለጋል፤ ቤት የሚከድን ረጅም ሣር እንደ ልብ የሚታጨድበት ቦታ ጥቂት ነው። ከምድጃ የተነሣ ብልጭታ የአንድ ዓመት እህል ከነጎታው ያቃጠለባቸው ቤተሰቦችም ስለ ሣር ቤት ውበት ሲነገራቸው ደስ አይላቸውም። ደቦው ግን በጣሪያው ብቻ የታሠረ አይደለም። በቆርቆሮ ቤትም የመሠረቱ ድንጋይ፣ የወለሉ ድልደላና ከሁሉም በላይ የግድግዳው ምርጊት ብዙ እጅ ይፈልጋል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ከሰነበተ በኋላ መመረጉ፣ ደርቆ ሲሰነጣጠቅም እንደገና መለሰኑ ቀድሞም የመንደር ሥራ ነበር። ልጅዎ የላከችው ገንዘብ ለሁሉም ቢበቃ እንኳ ምርጊቱን በደቦ ያድርጉት። ለአናጢውና ለቆርቆሮው ይክፈሉ፤ ለጭቃው ግን ሰው ይጥሩ፤ እርስዎም ሲጠሩ ይሂዱ።

ወደ ቤቱ ውስጥ ስንገባ የእናትዎ ክርክር ይበልጥ ይጠነክራል። በጎጆ ውስጥ መደቡ የግድግዳውን ክብ ተከትሎ ይዞራል፤ ምድጃው መሃል ላይ ወይም ወደ መሃል ቀረብ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ የተቀመጠ ሁሉ ፊቱ ወደ እሳቱ ነው፤ ፊታቸው ወደ እሳቱ የሆኑ ሰዎች ደግሞ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ልጆች በመደቡ ጫፍ ጋደም ብለው ስለ ድንበር፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ዕርቅ የሚነገረውን ይሰማሉ፤ አገር ማወቅ የሚጀምረው በዚያ ነበር። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲፈላ፣ በሙስሊሙ ቤት ለወዳጃ፣ ማለትም ለዱዓ ተሰብስበው ሲቀመጡ ወይም በክርስቲያኑ ቤት ጽዋ ሲጠጣ የሚመጣው ሰው በቁጥር አይወሰንም። በመደብ ላይ ሰው «ጠጋ ጠጋ በሉ» እየተባባለ ይጨመራል። ሶፋ ግን በልክ የተሠራ መቀመጫ ነው፤ አምስት ሰው ከያዘ ስድስተኛው ወንበር እስኪፈለግለት ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያም «አልቀመጥም፣ ቸኩያለሁ» ብሎ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሶፋዎቹ የሚዞሩት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቴሌቪዥኑ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለልጅዎም ልከራከርላት ይገባል። የጎጆን ኑሮ ያለ እንከን አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጎጆ ውስጥ የማያድሩ ናቸው። ከአማቶቿ ጋር በአንድ ክፍል የምታድር ሙሽራ፣ እንግዳ በተቀመጠበት ልጅ የምታጠባ አራስ፣ ሰው እየተንጫጫ የሚተኛ በሽተኛ፣ ሰው እስኪሄድ ጠብቆ የሚያጠና ተማሪ የመኝታ ክፍልን ዋጋ ያውቁታል። በሰው አገር፣ በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ሴት የራሷ በር ያለው ክፍል መመኘቷ ቅንጦት ሊባል አይገባም። መኝታዎቹን ይለዩ፤ ሳሎኑን ግን ለመኝታ ሲሉ አያጥብቡት። ከሳሎኑ ግድግዳዎች ቢያንስ ሁለቱን ተከትሎ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ከላይ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ከወለሉ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ያሠሩ። ምንጣፍና ትራስ ሲደረግበት ለልጅዎም የሚያሳፍር አይሆንም። ሶፋ ካስፈለገ በቀረው ጎን ይግባ።

ሌላው የበሩ ነገር ነው። ክብ ቤት አይቀጠልም፤ ቤተሰቡ ሲበዛ ሌላ ጎጆ በአጠገቡ ይተከላል፤ ስለዚህ ሰው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው፣ ከጎተራው ወደ በረቱ ሲል ቀኑን ሙሉ በግቢው ውስጥ ይታያል። አላፊውም ከአጥሩ ማዶ ሆኖ «እንዴት ዋላችሁ» ይላል። አራት ማዕዘን ቤት ግን ክፍል በክፍል ላይ እየተቀጠለ ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያስገባል፤ ግቢው ሰው የማይታይበት ይሆናል። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳና በመርሳ በኩል ሲያልፉ አዳዲሶቹን ቤቶች ልብ ብለው ይመልከቱ። የፊት ክፍላቸው ለሱቅ ወይም ለኪራይ ታስቦ በራቸው ወደ መኪናው መንገድ ነው፤ ለኋላ ጎረቤታቸው የሰጡት መስኮት የሌለው ጀርባ ነው። ገንዘቡ ከመንገድ ስለሚመጣ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ቡና የሚጠራዎት የኋላው ጎረቤት ከሆነ በዚያ በኩልም በርና ሰፊ በረንዳ ያድርጉ። ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው በረንዳ ቡና ለማፍላት፣ እህል ለመልቀምና ለሽምግልና ለመቀመጥ ይበቃል።

ሰውን በማጠጋጋት ብቻ ጉርብትና ይሠራል ብሎ ማሰብም ትክክል እንዳልሆነ በዚሁ አገር ታይቷል። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ በተካሄደው የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ተበታትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ በመስመር በተደረደሩ ቤቶች እንዲሰፍር ተደረገ። ቤቶቹ ተቀራረቡ፤ ሰዉ ግን ከማሳው፣ ከከብቱና ከጓሮው ራቀ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅና ግዳጁ ሲላላ በብዙ ቦታ መንደሩን እያፈረሰ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ።

ሁለት ነገሮች ልጨምር። በግቢዎ ውስጥ ድንኳን የሚተከልበት ደልዳላ ቦታ ሳይሠራበት ይቆይ፤ የቅሬው (የዕድሩ) ድንኳን በለቅሶም ሆነ በሠርግ የሚተከለው እዚያ ነው፤ ቦታውን በኪራይ ክፍሎች የሞላ ሰው ሐዘንተኛውን መንገድ ላይ ለማስቀመጥ ይገደዳል። የማድ ቤቱ ደጅም ሁለት ምድጃ የሚያስጥል ይሁን። በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት ለአንድ ድግስ ሲጠራ ሥጋው ለየብቻ መታረዱና ለየብቻ መሠራቱ የታወቀ ነው፤ ወጡ የሚሠራበት ቦታ ካልተለየ አስተናጋጁ ይሳቀቃል፣ እንግዳውም ይጠራጠራል። ይህን አስቀድሞ ማሰብ ዋጋው ጥቂት ድንጋይና አንድ ዳስ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ደጋ ነን፤ አገሩ ብርዳም ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባስተማረችን መሠረት ከብቶቹን ከምንተኛበት ቤት አወጣን፤ ማድ ቤቱንም ከዋናው ቤት ለየን። ዓይኔ ከጭስ ዐርፏል፤ ለዚህ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ነገር ግን ሰው ሲመጣ ባለቤቴ ከእንግዶቹ ጋር ሳሎን ሲጫወት እኔ ማድ ቤት ብቻዬን እቀራለሁ። ድሮ ምድጃው ዳር ሆኜ የሚባለውን ሁሉ እሰማ፣ እናገርም ነበር። አሁን የቤቴን ጉዳይ የምሰማው እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ቤቱም ከበፊቱ ይልቅ ይበርደናል። ምድጃውን ወደ ውስጥ ብመልሰው ጥፋት ይሆናል?
እናትና ባለትዳር፣ ከለጋምቦ

መልስ፦ እህታችን፣ ምድጃውን አይመልሱት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጸዳጃ ቤት እንዲቆፈር፣ ከብት ከሰው እንዲለይ፣ ጭስ ከመኝታ እንዲወጣ በየቤቱ ያስተማረው በከንቱ አይደለም። የእንጨትና የኩበት ጭስ የሚከማችበት ቤት ውስጥ የሚያድጉ ሕፃናት በሳንባ ምች ለመያዝ የተጋለጡ ናቸው፤ ለዓመታት ጭስ የምትተነፍስ ሴትም ሳንባዋ ይጎዳል። ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሲያድሩም ዝንቡ ይበዛል፤ ትራኮማን ከሕፃን ወደ ሕፃን ከሚያዛምቱት ነገሮች አንዱ ዝንብ ነው።

ያም ሆኖ የጻፉት ቅሬታ ከብዙ የቤት ፕላን ሠሪ ዕውቀት ይበልጣል። ምድጃው ከቤት ሲወጣ ምድጃውን የምታነደው ሴት አብራው እንደምትወጣ ያሰበበት ሰው ጥቂት ነው። ቀድሞ ጓዳና ሳሎን የሚባል ነገር በሌለበት ጎጆ ሴቲቱ እየጋገረች ትመክር፣ ባሏ የተሳሳተውን ታርም፣ የዘመድ ስም ሲረሳ ታስታውስ ነበር። በአዲሱ ቤት ንጽሕናው ሲጨምር ድምጿ በግድግዳ ተከለለ። መፍትሔው ማድ ቤቱን ማፍረስ ሳይሆን ማስጠጋት ነው። የማድ ቤቱን አንድ ግድግዳ ከሳሎኑ ወይም ከበረንዳው ጋር ያገናኙት፤ በመካከሉ ተከፍቶ የሚዘጋ፣ ሰው ተቀምጦ ሊያነጋግርበት በሚችልበት ከፍታ ላይ መስኮት ይውጣለት፤ ምድጃው ግን በወዲያኛው ጥግ፣ የጭስ መውጫ ባለው ግድግዳ ሥር ይሁን። ጭስ የሚቀንስና እንጨት የሚቆጥብ የእንጀራ ምድጃ ቢጨመርበት መስኮቱን እንደ ልብ መክፈት ይቻላል። ወጡና እንጀራው ማድ ቤት ይሠራ፤ ቡናው ግን ሰው ባለበት ይፈላ፤ ረከቦቱ ሳሎን ወይም በረንዳ ላይ ሲሆን እርስዎም በቦታዎ ነዎት።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በሣር ቤት ውስጥ ነፋስ በክዳኑና በግድግዳው አናት በኩል ይገባ ይወጣ ስለነበር ፍሙ ብዙም አያስፈራም ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮና ኮርኒስ፣ ቀዳዳው ለብርድ ተብሎ በጨርቅ የተወተፈ ቤት ግን አየር አይቀይርም። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ አየር ሽታም ጭስም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ያፍናል፤ ከሰል እያነደዱ ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ወሬ በየክረምቱ እንሰማለን። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው ፍሙ ሲቀላ ያስገቡት፤ ቡናው እስኪያልቅ በር ወይም መስኮት ክፍት ይሁን፤ ከመተኛትዎ በፊት ግን ከነምድጃው ይውጣ።

ብርዱ የመጣው ከብቶቹ ስለወጡ ጭምር ነው፤ ላምና በሬ ሌሊቱን የሚሰጡት ሙቀት ቀላል አልነበረም። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ያድርጉ፤ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ታጥቦ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት እንኳ ቢሆን ለብርዱም፣ ከቆርቆሮው ለሚንጠባጠበው ጤዛም፣ በሐምሌና በነሐሴ ሰው እንዳይሰማማ ለሚያደርገው የዝናብ ጩኸትም ይረዳል። ግድግዳውን ከውጭም ከውስጥም ወፈር አድርጎ መመረግ ሌላው ነው። በረቱም የራሱ በርና የአየር መውጫ ኖሮት በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቤቱን ቢጠጋ ንፋሱን ይከላከላል።

ስለ ባለቤትዎም ጥቂት ልበል። በክልሉ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ይመዘገባል። በመሬቱ ላይ ድርሻ ያላት ሴት በላዩ በሚሠራው ቤት ፕላን ላይ ሐሳቧ በመጨረሻ መጠየቅ አልነበረበትም። አናጢው ሲመጣ የሚያነጋግረው ባለቤትዎን ብቻ ከሆነ እርስዎም ወጥተው መስኮቱ የት እንደሚወጣ በጣትዎ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ በላስታ አንድ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። በላሊበላ ከተማና በአካባቢው የሚታዩትን በቀይ ድንጋይ የተሠሩ ባለ ደርብ ክብ ቤቶች ተማሪዎቼ እንደ ቅርስ ያደንቋቸዋል፤ ነገር ግን ወላጆቻቸው አንዳቸውም እንዲህ ያለ ቤት አይሠሩም። «ያማረ ከሆነ ለምን ተተወ?» ሲሉ ምን ልመልስላቸው?
መምህር፣ ከላስታ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ሲሆኑ፣ ዩኔስኮ ስለ ቅርሱ በሚሰጠው መግለጫ እነዚህ ቤቶችም ተጠቅሰዋል። ቤቱ ሁለት ፎቅ ነው፤ ወደ ላይኛው የሚወጣው በውጭ ባለ የድንጋይ ደረጃ ሲሆን ክዳኑ ሣር ነው። ታችኛው ለዕቃና ለከብት፣ ላይኛው ለሰው መሆኑ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ገደላማ አገር ሁለት ጥቅም ነበረው፤ ጠባቡ ደልዳላ ቦታ አይባክንም፣ የከብቱም ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል። የአኗኗሩ ጠባይም ከሜዳው ጎጆ ይለያል። ደጃፉ ከፍ ያለ ስለሆነ ሰው እንደ መንገደኛ ዘው ብሎ አይገባም፤ ከሥር ሆኖ ይጣራል፤ ብዙው ጨዋታ በደረጃው ሥርና በደረጃው ላይ ያልቃል፤ የወጣ ሰው ግን የከበረ እንግዳ ነው።

የተተወበት ምክንያት ውበቱን ሰው ስላላወቀለት አይደለም። ድንጋዩን ጠርቦ በክብ የሚክብ ግንበኛ አነሰ፤ ሥራው ወራት ይፈጃል፤ ሣሩም እንደ ሌላው ቦታ ጠፋ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሥፍራ ሲዛወሩ ደግሞ የሠሩት እንደ ማንም በቆርቆሮና በእንጨት ነው። ለእኔ የሚቆጨኝ የድንጋዩ ሳይሆን የደረጃው መቅረት ነው፤ ሰው ሳይገባም ሳይሄድም ለረጅም ጊዜ የሚያወራበት ቦታ በአዲሶቹ ቤቶች ፊት የለም።

ለተማሪዎቹ መልስ ከመስጠት ይልቅ ሥራ ቢሰጧቸው ይሻላል። እያንዳንዱ የአያቱን ቤትና የራሱን ቤት ፕላን በደብተሩ ላይ ይሣል፤ እሳቱ የት እንደነበረ፣ ከብቱ የት እንዳደረ፣ እንግዳ የት እንደተቀመጠ፣ እናት የት ሆና እንደምትሰማ፣ ልጆች የት እንደሚተኙ ያመልክት። አያት በሕይወት ካሉ ይጠየቁ። ሥዕሎቹ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ክፍሉ የሚከራከርበት ጉዳይ አያጣም።

ጥያቄ፦ ቆቦ ቆላ ነው። ቆርቆሮ ቤት ከሠራን ወዲህ ከረፋዱ ጀምሮ እስኪመሽ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልንም። ምን ይሻለናል?
ወጣት ገበሬ፣ ከራያ ቆቦ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሣሩ ወፍራም ስለሆነ ፀሐዩን ይዞ ያስቀር ነበር፤ ቆርቆሮው ግን የተቀበለውን ወዲያው ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ኮርኒስ ሠርተህ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር እንዲወጣ በሁለቱም የጣሪያ ጫፎች ሥር የሽቦ ወንፊት ያለበት ቀዳዳ ተው። በምዕራብ በኩል በረንዳ ይኑርህ፤ የከሰዓት ፀሐይ ግድግዳውን አያግኘው። ጣሪያውን ነጭ መቀባትም ሙቀቱን ይቀንሳል። ዛፍ በሁለት ዓመት አያጠላምና ዛሬውኑ ትከል። እስከዚያው ድረስ ሰዉ ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ በአንድ ጥላ ሥር መዋሉ፣ ለጉርብትናው ከሆነ፣ የሚከፋ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ቤቴን ከሣር ወደ ቆርቆሮ ከቀየርኩ በኋላ የጣሪያዬ ጠፈጠፍ የጎረቤቴን የጭቃ ግድግዳ እየሸረሸረው ነው። አንድ ማዕድ የምንቆርስ ሰዎች ነበርን፤ አሁን በሽማግሌ አስጠርቶኛል። ቦታው የራሴ ነው፤ ዝናቡም የእግዜር ነው። ጥፋቱ ምንድን ነው?
አባወራ፣ ከቃሉ

መልስ፦ ዝናቡ የእግዜር ነው፤ ወደ ጎረቤትዎ ግድግዳ ያዞረው ግን የእርስዎ ጣሪያ ነው። ሣር ውኃውን እየመጠጠ ቀስ ብሎ ነበር የሚለቀው፤ ቆርቆሮ የወደቀበትን በሙሉ በአንድ መስመር ይወረውራል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የዘነበ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ጣሪያዎ 60 ካሬ ሜትር ቢሆንና 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር ይወርዳል፤ ግማሹ በጎረቤትዎ በኩል ከሆነ 600 ሊትር በአንድ ዝናብ ከጭቃ ግድግዳው ሥር ፈሰሰ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይዘው ሽማግሌዎቹ ፊት ቢቀርቡ እርስዎ ራስዎ ለጎረቤትዎ ይፈርዱለታል።

ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት የተሸረሸረውን ግድግዳ በእርስዎ ጭድና በእርስዎ ጉልበት መርገው ይመልሱለት፤ ከሥሩም ድንጋይ ይደርድሩበት። ከዚያ በዚያ በኩል አሸንዳ ያሰቅሉ፤ በየሁለት ሜትሩ ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ በርሜል ወይም ወደ ሮቶ ይውረድ። የተትረፈረፈው ውኃ የሚሄድበት ቦይ ወደ ጓሮዎ እንጂ ወደ ማንም ደጅ አይሁን። በርሜሉን በሁለቱ ግቢዎች ወሰን ላይ ቢያስቀምጡትና ጎረቤትዎም ቢቀዳ ለሚስቶቻችሁ የውኃ መንገድ ይቀንሳል፤ ምንጭ ሲወርዱ የሚገናኙ ሴቶች ያን መገናኛ እንዳያጡ ደግሞ ይህ አንዱ ዘዴ ነው። ከደረቅ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ በርሜሉ ውስጥ አይግባ፤ ጣሪያው እስኪታጠብ አሸንዳውን ከበርሜሉ አፍ ዞር ያድርጉት።